እናቴ የደፋችው የልጄ ምሳ

ዛሬ እናቴ የልጄን ምሳ ከፊቱ አንስታ ደፋችው።

ልጄ ጂም ጀምሯል። ቦርጭ ለማጥፋት ብሎ ዳቦና ዘይት ትቶ የተቀቀለ እንቁላልና ሰላጣ ብቻ ይበላል። (በድሬ ሙቀት ስቡ ራሱ ይቀልጣል ብዬው ነበር።)

በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜም እንዲሁ ነበር። ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ ክብደት ያነሳል፤ እናቴ የሠራችውን ፓስታ ትቶ እንቁላል ይበላል። ቦርጩ ጠፍቶ ደረቱ ሰፋ።

አንድ ቀን ደቻቱ ወንዝ ዳር ከጓደኛው ጋር ለውትድርና ታፈሱ። ወፍራሙን ጓደኛውን «አንተ መሮጥ አትችልም» ብለው መለሱት። ወንድሜን ግን ደረቱን መታ መታ አድርገው መኪና ላይ ጫኑት። በዚያው ቀረ።

ዛሬ እናቴ ፓስታ ቆልላ አመጣችለት።

«ብላ የኔ ልጅ፣ ወፍራም አይወስዱም።»

ልጄ ሹካውን አንስቶ በላ።

በእናንተስ ቤት፣ ያ ዘመን አልፏል ስትሏት የማታምን እናት አለች?