ጭቃ ያለበስኩት ምሰሶ

ቤት አድሼ የሸጥኩት በዕድሜዬ አንዴ ነው፤ በጃንሆይ ጊዜ፣ እዚሁ ከሚሴ። ባሌ ሞቶ ልጆቼን የማሳድግበት ቢጠፋኝ፣ ያንገቴን ጌጥ ሸጬ ከመኪናው መንገድ ጀርባ ያለ አሮጌ ሣር ቤት ለትርፍ ገዛሁ። ሣሩን አስወርጄ ቆርቆሮ አለበስኩት።

ቆርቆሮውን ያለበሰልኝ አናጢ የመሐሉን ምሰሶ በመጥረቢያው ጀርባ መታ ቢያደርገው፣ እንደ ቅል ጮኸ።

«ምስጥ ጨርሶታል።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ቆሞ የለም እንዴ?»

«በዱዓ ነው የቆመ። እንጨትማ የለውም!»

ገንዘቤ ቆርቆሮው ላይ አልቋል። አናጢው ባቲ ሲወርድ እበትና ጭድ አቡክቼ ምሰሶውን ከሥሩ ጀምሬ ለሰንኩት፤ በኖራም ቀባሁት። ያየው ሁሉ «ምሰሶው ተኩሏል!» እያለ ሳቀ።

ገዢዋ ከጨፋ ሮቢት የመጣች፣ እንደኔው ባሏ የሞተባት የልጆች እናት ናት። በእኛ ዘንድ ሻጭ ዐይቡን፣ የዕቃውን ጉድለት፣ ሳይናገር ዋጋ አይቀበልም። ሽማግሎች ፊት ጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ ዐይብ ካለው ንገሪኝ።»

«ዝናብ ሲበዛ በሩ ያብጣል» አልኳት።

እውነት ነበር። ትንሿን ተናግሬ ትልቁን ዋጥኩ። ሽማግሎቹም «ሐቀኛ ሴት!» ብለው መረቁኝ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ክረምቱ ገባ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ቤቱ አለመውደቁን ለማየት ብቅ እላለሁ፤ ቤቷ ግን አልገባም። አንድ ቀን በር ላይ አገኘችኝና ጎትታ አስገባችኝ። ሕፃኗን በጨርቅ አንጠልጥላ፣ ገመዱን ምሰሶው ላይ አስራዋለች።

«ያ ረቢ! አውርጂው! ልጁን አውርጂው!» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ።

ልስኑን በቢላ ፋቀችው። ምስጥ የፈጨው የእንጨት ዱቄት እግሯ ላይ ፈሰሰ። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ልጆቿን ሰብስባ ወደ እኔ ገፋቻቸው።

«እነዚህ አንቺ ቤት ያድራሉ። አንቺ ደግሞ ምሰሶው እስኪቀየር እዚህ፣ ከእኔ ጋር።»

«ልጆቼንስ ለማን ልተው?»

«ያንቺ ቤት ምሰሶውማ ደህና ነው፤ አይደል?»

ልጆቿን ከልጆቼ ጋር ቤቴ አስገባሁ። ባቲ ለሚወርድ ነጋዴ ‹አናጢውን ጥራልኝ› ብዬ፣ የመኝታ ሰሌኔን ተሸክሜ ተመለስኩ። የራሷን በሩ ሥር አንጥፋ ጠበቀችኝ። የኔን ተቀብላ ምሰሶው ሥር ዘረጋችው።