ከወለሉ እስከ መምህርቷ ጉልበት

የመርፌ አንድ ተራ ቀን ምን ያህል እንደሚያስወጣት ቢቆጠር እንዲህ ይሆናል። ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ መውጣት፣ ደርሶ መልስ መቶ ስልሳ ደረጃ። ሁለት አውቶቡስ፣ አንዱ ላይ ቆማ፣ አንዱ ላይ ከቀናት ተቀምጣ። የአራት ዓመት ልጇን ሳታስለቅስ ለመለየት ሦስት ተስፋና አንድ ትንሽ ውሸት። ኮምፒውተር ላይ ሰባት ሰዓት ያፈጠጡ ሁለት ዓይኖች። ከማውስ ጋር ሲሟገት የሚውል አንድ ቀኝ ትከሻ። ከሁሉም የሚከብደው ግን ልጅቷን የሚይዙላት የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ውለታ ነው። ልጅቷ «አክስቴ» ትላቸዋለች፤ የሥጋ ዘመድ አይደሉም፣ ግን ከሥጋ ዘመድ በምን ያንሳሉ? ዓይኑም ትከሻውም ተኝቶ ሲነሳ ይመለሳል። የአክስት ውለታ በምን ይመለሳል? መርፌ ማታ ማታ «እግዜር ይስጥልኝ» ስትላቸው፣ «አንቺ ብቻ ሥራሽን አጥብቀሽ ያዢ» ብለው ልጅቷን ያስረክቧታል።

መርፌ ብለው ስም ያወጡላት የፈርኒቸር ቤቱ ሠራተኞች ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ልብስ ሰፍታለች፤ ሰውነቷም ቢሆን ከመርፌ ብዙ አይወፍርም። የምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ሲዘጋ፣ ባሏ ከመሥሪያ ቤቱ ከሚጣሉ ዕቃዎች መሃል ያመጣው አሮጌ ላፕቶፕ አዳናት። ላፕቶፑ ላይ የቤት ዲዛይን መሥሪያ ፕሮግራም ነበረ። እሷም የሚኖሩባትን አንዲት ክፍል እየሣለች፣ የልጇን አልጋ የት ብታደርገው በሩ ሳይጋጭ እንደሚከፈት ስትፈልግ፣ ሳታስበው ፕሮግራሙን ለመደችው። አልጋው ቦታ አገኘ፤ እሷም ሥራ አገኘች።

የፈርኒቸር ቤቱ ባለቤት አንዲት ሚሊሜትር ስትጠፋ ቤተሰብ የሞተባቸው ያህል የሚያዝኑ አናጢ ናቸው። ሠራተኞቹ ከኋላቸው «ሚሊሜትር»፣ ከፊታቸው «ጋሼ» ይሏቸዋል። መርፌን ሲቀበሏት፣ «ሦስት ወር እንተያይ» አሏት።

በመጀመሪያው ሳምንት ጉድ ሠራች። ፕሮግራሙ ውስጥ ስፋቱ ስልሳ ሴንቲሜትር የሆነ ዝግጁ ካቢኔት አለ፤ ደንበኛው የፈለገው ግን ዘጠና ነበር። መርፌ ጫፉን በማውስ ይዛ ሳበችው። እንደ ላስቲክ ተለጠጠላት፤ እሷም ደስ አላት። ጋሼ ሥዕሉን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ካቢኔት ናት፣ ጋሼ።»

«እጀታዋን ማለቴ ነው። በሬ ናት እንዴ ቀንድ ያበቀለችው? የጎኑን ጣውላ ደግሞ ተመልከቺው፤ አሥራ ስምንት ሚሊሜትር የነበረው ሃያ ሰባት ገብቷል። ይኼን ጣውላ ከየት ልግዛው፣ ከሕልምሽ?»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። መርፌም አብራ ሳቀችና ድንገት ሥዕሉን ጠጋ ብላ አየችው። ይህ እኮ የምታውቀው ነገር ነው። ሰው ሲወፍር ሸሚዙ ይሰፋል እንጂ ቁልፉ አይወፍርም፤ የቁልፉ ቀዳዳም፣ የስፌቱ ትርፍም ባሉበት ይቆያሉ። «ቁልፉ አይወፍርም» ብላ በብጣሽ ወረቀት ጻፈችና ስክሪኑ ጥግ ላይ ለጠፈችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝግጁ ዕቃ ለጥጣ አታውቅም። ትበትነዋለች፦ ሁለት ጎን፣ ወለል፣ ጀርባ፣ በር፣ እጀታ። መስፋት ያለበትን ብቻ ታሰፋለች፤ ውፍረቱን አትነካም። በሩ በጣም ከሰፋ ለሁለት ትከፍለዋለች። ለእያንዳንዷ ቁራጭ ስም ታወጣላታለች፤ ፕሮግራሙ በራሱ «ሳጥን አርባ ሰባት» ሲላት እሷ «የዕቃ ማጠቢያው ግራ እግር» ትላታለች። ስም የሌለው ዕቃ ስትፈልገው «አቤት» አይልምና። አንዱን ነገር ከመቀየሯ በፊት ደግሞ ቅጂውን ታስቀምጣለች፤ ጨርቅ የሚቆርጥበትን፣ ያለውን አንድ ልክ ወረቀት የሚቀድ ልብስ ሰፊ የለም። ጋሼ አላሞገሷትም። ግን መነጽራቸውን ማውለቅ ተዉ።

በሁለተኛው ወር አንድ ሰውዬ መጣ። እናቱ የጂኦግራፊ መምህርት ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ዊልቸር ላይ ከተቀመጡ ዓመት አልፏቸዋል። ወጥ ቤታቸው ግን የተሠራው ቆሞ ለሚሄድ ሰው ነው። ባለፈው ወር ከምድጃ ላይ ድስት ለማውረድ ሲንጠራሩ ክንዳቸው ተቃጠለ።

«እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አላት ልጃቸው። «ኩሽናው ከሠራላት ቤቷ ትቀመጣለች። ካልሠራላት ቤቱን አከራይቼ ወደምሠራበት ከተማ ይዣት እሄዳለሁ። የአውቶቡስ ትኬት ሁሉ ቆርጫለሁ። እኔ ቤት ስትመጣ ውሎዋ በመስኮት ማየት ብቻ እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን ሌላ ቃጠሎ የማይበት ዓይን የለኝም።»

መርፌ ሜትሯን ይዛ ሄደች። ግድግዳውን ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ለካችው፤ ቀጥ ያለ የሚመስል ግድግዳ ሁለት ሴንቲሜትር ሲዋሽ አይታለችና። መምህርቷ ምሳ በልተው ጋደም ብለው ነበር። ዊልቸሩ ባዶውን አልጋው አጠገብ ቆሟል። ልጃቸው ልቀስቅሳት ሲል መርፌ «ተዋቸው፣ ይረፉ» ብላ በእግር ጣቷ ገባች። ትንፋሿን ውጣ ለካችው፤ ከወለሉ እስከ መቀመጫው ሃምሳ ሴንቲሜትር። በረንዳው ላይ የታጠበ ትራስ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። አየችው። የሶፋ መሰላት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ያን ኩሽና ስትሥል ሰነበተች። መቀመጫው ሃምሳ፣ የጭን ውፍረት በግምት አሥራ አራት፣ መተንፈሻ ሦስት፤ የማብሰያው ጠረጴዛ ሆዱ፣ ከሥር ያለው ገጹ፣ ስልሳ ሰባት ላይ ይሁን አለች። ዕቃ ማጠቢያው ሥር ባዶ ቦታ ተወች። ከላይ የነበረውን ቁም ሳጥን ወደ ጥልቅ መሳቢያ ለወጠችው። የመምህርቷን የወለል ንጣፍ በቀን ብርሃን ፎቶ አንስታ ሥዕሉ ላይ አለበሰችው። ሲያልቅ እዚያ ኩሽና ውስጥ ገብቶ ሽንኩርት መላጥ ያሰኛል።

ጋሼ ግን የማይሻር ሕግ አላቸው። «ካርቶን ይሙት፣ ጣውላ ይኑር» ይላሉ። ምንም ነገር ከመቆረጡ በፊት በፍሪጅ ካርቶን ተሠርቶ፣ ደንበኛው ቤት ሄዶ ቦታው ላይ ይቆማል። መርፌ ይህን ሕግ ትወደዋለች፤ ልብስም በወፍራም ክር ተይዞ ሳይለካ አይሰፋም። ቅዳሜ ጠዋት ካርቶኑን ተሸክመው ሄዱ፣ እሷም ጋሼም።

ካርቶኑ ቆመ። ልጃቸው በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። መምህርቷ ጎማቸውን እየገፉ መጡ፤ የክንድ ማሳረፊያውን ወደ ኋላ አጠፉና ወደ ጠረጴዛው ሥር ገቡ።

አልገቡም። ጉልበታቸው ካርቶኑን መታው። እንደገና ገፉ፤ ካርቶኑ ታጠፈ።

መርፌ ጎንበስ ብላ ስታይ፣ በረንዳ ላይ የነበረው ትራስ ከመምህርቷ ሥር ተቀምጧል። ሰባት ሴንቲሜትር ትራስ።

«አየሽ፣ እማዬ» አለ ልጃቸው በቀስታ። አልተቆጣም፤ ይህ ደግሞ ከቁጣ ባሰባት።

ጋሼ ትራሱን አዩ፣ መርፌን አዩ። «ለመሆኑ» አሉ፣ «ልብስ ስትሰፊም ሰውየውን ትተሽ ማንጠልጠያውን ነበር የምትለኪው?»

መርፌ አንገቷን ደፋች። «ተኝተው ነበር። መቀስቀስ አፍሬ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ለእኔ ብለሽ ነዋ» አሉ መምህርቷ። «ልጄ፣ ቀና በይ። ሃያ ሰባት ዓመት ካርታ አስተምሬያለሁ። ካርታ ሲሳሳት ተራራው ከቦታው አይነሳም፤ ካርታው ነው የሚታረመው። በይ ካርታሽን አርሚ፤ ተራራው እዚሁ ቁጭ ብሏል።»

«ተራራው ትንሽ ወፍሯልም» አለ ልጃቸው።

«አንተ ዝም በል፤ የበላሁት ያንተን አይደለም።»

ሳቁ፤ መርፌም ቀና አለች። ሜትሯን አወጣችና ጫፉን ለልጃቸው ሰጠችው። «ወንድሜ፣ ወለሉ ላይ ያዝልኝ።» አንድ በአንድ ለኩ፦ በትራሱ፣ በጫማቸው፣ እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው። ከወለሉ እስከ ጭናቸው ሰባ አንድ። እጃቸው ሳይጨነቅ ወደ ፊት የሚደርሰው ሃምሳ ሁለት፤ ወደ ላይ መቶ ሃያ። ለመዞር የሚፈልጉትን ቦታ ደግሞ ራሳቸው ዞረው አሳዩ፤ ጋሼ በጠመኔ ወለሉ ላይ ከበቡት።

ከዚያ መርፌ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ ከፈተች። መጀመሪያ የሠራችው መምህርቷን ነው። ወንበሩን፣ ትራሱን፣ ጉልበታቸውን፣ የእጃቸውን መድረሻ በየክፍሉ ሠርታ አንድ ላይ አሰረችና «መምህር» ብላ ስም አወጣችላት። ቀጥሎ የጠረጴዛዎቹን እግሮች በየስማቸው እየጠራች ሰባት ሰባት ሴንቲሜትር አስረዘመቻቸው። የጠረጴዛው ውፍረት አልተነካም፤ መሳቢያዎቹ አልተለጠጡም፤ እጀታ ቀንድ አላበቀለም። ሆዱ ሰባ አራት ላይ ዋለ። ተለጥጦ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ሳምንት ውሃ በልቶት ከሀ ልትጀምር ነበር።

በመጨረሻ «መምህር»ን ይዛ በተሣለው ኩሽና ውስጥ አንሸራሸረቻት። ከበሩ ወደ ማጠቢያው፣ ከማጠቢያው ወደ ምድጃው። በየቦታው ስትደርስ በሮቹንም መሳቢያዎቹንም ትከፍታለች፤ የተዘጋ በር ሁልጊዜ ልክ ነውና። የፍሪጁን በር ስትከፍተው ወንበሩን ከግድግዳው ጋር አጣበቀው።

«እዚህ ጋ ይታሰሩ ነበር» አለች።

ልጃቸው ከበሩ ተነስቶ መጥቶ ከጀርባዋ ጎንበስ አለ። «ታዲያ ምን ይደረግ?»

«የፍሪጁ በር ማጠፊያው በሌላው ጎን ይዙርና፣ በግራ ይከፈት።» አዞረችው። «መምህር» አለፈች።

ሰውየው ረጅም ጊዜ ስክሪኑን አየ። «እስቲ እንደገና አሳልፊያት» አላት። አሳለፈቻት። «አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ድስት ይዛ።» ድስት አስያዘቻት። ስልኩን አውጥቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ የትኬቱን ቀን በአንድ ወር አራዘመው።

ጋሼ ማክሰኞ አዲስ ካርቶን አቆሙ። መምህርቷ ያለ ችግር ሥሩ ገቡ። ጣውላው ረቡዕ ተቆረጠ፣ በሁለተኛው ሳምንት ኩሽናው ተገጠመ። የዚያን ዕለት መምህርቷ ሁሉንም ሳሎን አስቀመጡና ማንም እንዳይነሳ አዘዙ። ውሃው ሲፈላ፣ መሳቢያው ሲከፈት፣ ስኒው ሲንኳኳ ከሳሎን ይሰማል። ልጃቸው ሁለት ጊዜ ብድግ ሊል ሲል ጋሼ ጉልበቱን ያዙት። ከዚያ መምህርቷ ጭናቸው ላይ ትሪ አድርገው፣ በትሪው ላይ አራት ስኒ ሻይ ይዘው፣ ጎማቸውን በቀስታ እየገፉ መጡ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ልጃቸው ስኒውን ተቀበለና ለረጅም ጊዜ አልጠጣም። «ስኳር አነሰው?» አሉት። «ኧረ ልክ ነው፣ እማዬ።» ትኬቱን መለሰ፤ ብቻውን ሄደ።

መርፌ ሦስት ወሯን ጨርሳ እነሆ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ስህተቷን በካርቶን ስለያዙላት ጋሼን፣ ቀና በይ ስላሏት መምህርቷን፣ ልጇን ይዘው ስላሠሯት አክስትን ሳታመሰግን የምትውልበት ቀን የለም። ፕሮግራሙ ውስጥ ሠላሳ ዓይነት ሶፋ አለ፤ ትራስ ላይ የተቀመጠ፣ ክራንች የያዘ፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ግን የለም። እነዚህን ራሷ እየሠራች ታከማቻለች፤ ለጠየቃት ሥዕል ሠሪ ሁሉ ትሰጣለች።

ይህን ለምታነቡም አንድ ልመና አላት። ወደ አናጢ ከመሄዳችሁ በፊት በዚያ ዕቃ ይበልጥ የሚገለገለውን የቤታችሁን ሰው አስቀምጡት፤ ተኝቶ ከሆነ ቀስቅሱት፣ አይከፋውም። በሚቀመጥበት ትራስ፣ በሚያደርገው ጫማ፣ እንደ ልማዱ ሆኖ ይለካ። ከወለሉ እስከ ጭኑ ስንት ነው? እጁ ሳይንጠራራ የት ድረስ ይደርሳል? ለመዞርስ ምን ያህል ቦታ ይፈልጋል? ሦስቱን ቁጥር በወረቀት ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ፤ እባካችሁ፣ ባዶውን ወንበር ለክታችሁ አትሂዱ።