ለማ የጠፋበት ሜዳ

ልጅ ሆኜ፣ ጎባ፣ ካርታ አንሺዎች ግቢያችን ውስጥ ክፍል ተከራይተው ነበር። ቀን ከከተማው በላይ ያለውን የሳነቴን አምባ ሲለኩ ይውሉና አመሻሽ ላይ ትልቁን ወረቀት መሬት ላይ ዘርግተው አባዬን የቦታ ስም ይጠይቁታል። መንገድ መሪያቸው እሱ ነበር። ወንዙን፣ ጉብታውን፣ ጅብራ የበቀለበትን ዳገት ሳይቀር ስም በስም ይነግራቸዋል። እኔም በሆዴ ተኝቼ ጥቁሩን ቀለም እያሸተትኩ አዳምጣለሁ። ያ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

አንድ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ግን አባዬ ጣቱን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። ታላቅ ወንድሜ ለማ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ የጠፋ ፈረስ ሊፈልግ ወጥቶ በጉም ተውጦ የቀረው እዚያ ነው። አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም። ሰዉ በሹክሹክታ "የለማ ሜዳ" ማለት ጀምሮ ነበር። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሜዳ በሰው ስም የሚጠራው ሰውየው ከተለቀሰለት በኋላ ነው። እማዬ እርሟን አላወጣችም።

"የለማ ሜዳ ብላችሁ ጻፉት" አለ አባዬ በመጨረሻ። መጠበቅ ታክቶት ነበር መሰለኝ።

እማዬ ብድግ አለች። "ወየው ጉዴ! ልጄን በቁሙ ልትቀብሩት ነው? ስሙ እዚያ ከሰፈረማ ሞተ ማለት ነው!"

አለቃቸው ጋሽ ሰይፉ ጨዋ ሰው ነበሩ። "እናቴ፣ ባዶ መተው አልችልም። ነገ አብረውን ይውጡና ቦታውን ይዩት፤ ከዚያ እርስዎ ያሉኝን እጽፋለሁ" አሏት።

በማግስቱ እኔንም አስከትላ ከእነሱና ከአባዬ ጋር ወጣች። ቀትር ነው፤ ፀሐይዋ ቁልጭ ብላለች። ሜዳው ላይ ስንደርስ ጉሙ ከየት መጣ ሳይባል ዋጠን። ፈረሶቹ ጆሯቸውን ቀስረው ቆሙ። እማዬ ነጠላዋን አጥብቃ፣ "ለማ! ኮቱ! ና ልጄ!" ብላ በኦሮምኛም በአማርኛም ተጣራች።

"አቤት!"

የማርያም ያለህ! የለማ ድምፅ ነበር። ከሩቅ እንዳይመስላችሁ፤ እዚሁ ከጎናችን። ሁላችንም ሰማነው። አባዬ ወደ ድምፁ ሮጦ ጉሙን በእጁ ዳበሰ፤ ማንም የለም። እኔ የእማዬን ቀሚስ ይዤ "ደግመሽ እንዳትጠሪው!" እያልኩ አለቀስኩ። እሷ ግን ፊቷ በርቶ ነበር። "አላልኳችሁም?" አለች። ጋሽ ሰይፉ እርሳሳቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቦታው ባዶውን ቀረ። እማዬም እስክትሞት ድረስ እርሟን ሳታወጣ ጠበቀችው።

ዘንድሮ ከሮቤ በሳነቴ በኩል ወደ ደሎ መና ስንሄድ ልጄ ስልኳ ላይ ካርታ ከፍታ፣ "እማዬ፣ እዚህ ጋ ምንም አልተጻፈም" አለችኝ። መኪናውን አቁሜ መስኮቱን አወረድኩ። ጉሙ ገባ። ስሙን ልጠራ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ያኔ የፈራሁት ዳግመኛ "አቤት" እንዳይል ነበር። አሁን ግን እማዬም አባዬም የሉ፤ ወንድሜን የሚጠብቅ ከእኔ ሌላ ሰው አልቀረም፤ የምፈራው ዝም እንዳይል ነው።