ጤና አዳምን ሸዛብ በሚሉበት አገር

ከወሎዋ አርዲቦ የወጣሁ ማታ ዝናቡ አላባራም ነበር። ነሐሴ ነው፤ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፤ ባጃጁ እኛ ሰፈር ድረስ መውጣት አቅቶት ታች መንገዱ ላይ መብራቱን አብርቶ ይጠብቀኛል። መግሪብ ሰግደን ስንጨርስ እቴ ዘሀራ ከመስገጃዋ ሳትነሳ እጄን ያዘችና፣ "በነሐሴ መንገድ ይወጣል እንዴ? ቅጠሉ እንኳ ውሃ ብቻ በሆነበት ወር!" አለችኝ።

እቴ የአባቴ እህት ናት። እናታችን እኔንና ታናሼን አንሻን ትታ ስትሞት ያሳደገችን እሷ ናት፤ የራሷ ልጅ የላትም።

"እቴዋ፣ ቪዛ እንደ ቅጠል መስከረም እስኪጠባ አይጠብቅም" አልኳት። ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። የደረቀ ዳማከሴና ጤና አዳም በጨርቅ ቋጥራ ጉያዬ ውስጥ ከተተችልኝ። "ራስሽን ሲያምሽ፣ ሆድሽን ሲቆርጥሽ። ለሌላው አላህ አለ።" ከሐይቅ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አውሮፕላን፤ ያን ሁሉ መንገድ እያሸተትኩት ሄድኩ።

እቴ ቅጠል አዋቂ ናት። ሐኪም ነኝ ብላ አታውቅም፤ ትኩሳቱ አልወርድ ያለ ልጅ ሲያመጡላት "እኔ ጋ ምን ትሠራላችሁ፣ ጤና ጣቢያ ሩጡ" ብላ የምትቆጣ ሴት ናት። ለሳሉ፣ ለሆድ ቁርጠቱ፣ ለምቹ ግን አገሩ ሁሉ እሷ ጋ ይመጣል። እኔን ገና በልጅነቴ ከኋላዋ አስከትላ ዳገቱን ታወጣኝ ነበር። ክረምት ቅጠሉ ይለመልማል እንጂ ጉልበት የለውም፤ መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ሲመታው ነው የሚቀጠፈው። ሥር የሚቆፈረው በበጋ ነው፤ ተክሉ ከላይ የሞተ መስሎ ኃይሉን ሁሉ ወደ ታች ሲያወርድ። በልግ ሲዘንብ ደግሞ ልጥ ይላላል። "ቢስሚላህ ሳትይ አትንኪ፤ ሁሉንም አትንቀይ፣ ለአፈሩም ተይለት።" ግሸን የሚሄዱት አውቶቡሶች ሐይቅ ሲቆሙ ጦስኝ ይዘን እንወርዳለን። "ሳል እስላም ክርስቲያን አይልም" እያለች ትስቃለች።

እንግዲህ ከዚህ ኑሮ ተነስቼ ለቤት ሠራተኝነት ሪያድ ገባሁ። እህቶቼ፣ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልሄዳችሁ ስሙኝ። ሪያድ ወር የለውም። ውጭው ምድጃ ነው፤ ውስጡ በመኪፍ፣ በአየር ማቀዝቀዣው፣ እንደ አምባሰል ጫፍ ይቀዘቅዛል፤ ሰውነቴ መስከረም ይሁን ጥር ግራ ገባው። ሳሎኑ ውስጥ ትልልቅ የፕላስቲክ አበቦች አሉ፤ በየሳምንቱ አንድ በአንድ በሳሙና አጥባለሁ። ስደክም የእቴን ቋጠሮ ከትራሴ ሥር አውጥቼ አሸተዋለሁ። የሚቀጠቅጠኝን ራስ ምታት አሻረልኝ አልላችሁም። ግን ያስተኛኝ ነበር።

አንድ ቀን አንሶላ ሲቀየር መዳሟ ቋጠሮውን አገኘችው። ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። "ሲሕር! ሲሕር!" ድግምት አሠርታብናለች ማለቷ ነው። ባሏ አንድ ቃል ሳይጠይቀኝ መኪና ውስጥ አስገብቶ ፖሊስ ጣቢያ አደረሰኝ። በዚያ አገር ይህ ክስ ቀልድ አይደለም፤ እስር ቤት የሚያስገባ ነው።

መርማሪው ቋጠሮውን ጠረጴዛ ላይ ፈትቶ በእስክሪብቶ ጫፍ ያገላብጠዋል። በእጁ አይነካውም።

"ምንድነው ይሄ?"

"መድኃኒት ነው፣ ጌታዬ። የራስ ምታትና የሆድ።"

"ፋርማሲ የለም?"

"አለ። ከቤት ግን አልወጣም።"

"እዚህ ቤት ማንን ለማሳመም ነው ያመጣሽው?"

"እኔ ነኝ የታመምኩት።"

ትንሽ አሰበና፣ "እንግዲያውስ ብዪው" አለኝ።

ጤና አዳሙን ቆንጥሬ አኘክሁ። የደረቀ ጤና አዳም ምን ያህል እንደሚመር ታውቃላችሁ። ሰዓቱን አየ፤ እኔን አየ፤ እንደገና ሰዓቱን አየ። እሞት እንደሆን ነው የሚጠብቀው።

"ምን ተሰማሽ?"

"ውሃ ጠማኝ" አልኩት። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቁን ሊይዝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያዳነኝ ሳቁ አይደለም። የባልየው እናት፣ ሐጃ የምንላቸው አሮጊት፣ ነገሩን ሰምተው በሌላው ልጃቸው መኪና መጡ። በከዘራቸው እየተደገፉ ገቡና ያለ ፍርሃት ቋጠሮውን አንስተው አፍንጫቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ መርማሪውን፣ "ልጄ፣ ይሄ እኮ ሸዛብ ነው። እናቴ አብሃ ተራራ ላይ በጓሯችን ትተክለው ነበር። እኔንም ልጆቼንም ሆዳችንን ሲያመን የምትሰጠን ይሄንን ነው። እኛም ድግምተኞች ነን በላ!" አሉት።

ለቀቁኝ። ቋጠሮው ግን እዚያው ቀረ። "ለምርመራ" አለ ሰውየው፤ ምኑን እንደሚመረምር አላህ ይወቅ። መዳሟም ዳግመኛ ቤቴ አትግባ አለች። ሐጃ ለታናሽ እህታቸው ደውለው፣ ከፊሌ፣ ስፖንሰሬ ማለት ነው፣ ተቀይሮ፣ አብሃ ወደ እህታቸው ቤት ሄድኩ።

አብሃ እንኳን ከሪያድ ይሻላል። ተራራ ነው፤ ጉም አለ፤ ጥድ አለ። መጀመሪያ ቀን መስኮቱን ስከፍት የመጣው ብርድ አምባሰል የቆምኩ አስመስሎኝ በስሜ የሚጠራኝ ሰው ጠበቅሁ። ገበያቸው ላይ ሴቶች ሸዛብና ሪሐን፣ በሶብላ ማለት ነው፣ በእቅፍ ይዘው ይሸጣሉ። ከግቢው ጥግ ሸዛብ ተከልኩ፤ ያዘ። ግን ዝናቡ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል፤ የቱ መስከረሙ፣ የቱ በልጉ እንደሆነ ዓመታት ኖሬም አልለየሁትም። የማውቀውን ቅጠል እንኳ መቼ ልቅጠፍህ ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ሰው ምን ያህል እንደደከመው የሚታወቀው በዚህ ነው መሰለኝ፤ የሚያውቀውን ነገር እንደ እንግዳ ሲያየው።

ባለፈው ጁምዓ አንሻ በስልክ ምስል ደወለችልኝ። የእቴ ዓይን ከደከመ ቆይቷል፤ አሁን ጉልበቷም እምቢ ብሏል። ደሴ ሆስፒታል የሰጧትን ኪኒን ትውጣለች፤ ቢሆንም እሷ ለጉልበት የምታምንባት አንዲት ሥር አለች። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ እቴ አልፈቀደችልኝም። ሥሯን ከምትመስላት ከሌላይቱ የምንለየው እኔና እቴ ብቻ ነን። ሌላይቱ ደግሞ የምትጎዳ ናት።

አንሻ ዳገቱ ላይ ቆማ ስልኩን አዞረችልኝ። እኔ የማውቀው ዳገት አልነበረም። ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል፤ ከታች ሐይቁ በግንዱ መሐል ብልጭ ይላል። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ድንጋይ ሥር ጎንበስ አለችና፣

"ይቺ ናት?" አለች።

"ቅረቢያት። ቅጠሉን ገልብጪው።"

ገለበጠችው። ምስሉ ተንቀጠቀጠ፤ አረንጓዴው ግራጫ ሆነ።

"ሥሩን ትንሽ ጫሪና አሽትቺው። ምን ይላል?"

"አፈር አፈር ይላል።"

"ሌላስ?"

"እኔ እንጃ፣ ሰዓዳ። ባሕር ዛፍ ነው የሚሸተኝ፤ ሁሉ ነገር ባሕር ዛፍ ነው። ልንቀላት?"

ስልኩን ዓይኔ ላይ አስጠግቼ አየሁ። እሷን ትመስላለች። ሌላይቱንም ትመስላለች። እቴ ቤት በራፍ ላይ ተቀምጣ እንደምትጠብቅ አውቃለሁ።

"ተያት" አልኳት። "አንሻዬ፣ አትንኪያት፤ ውረጂ።"

"እቴንስ ምን ልበላት?"

ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፤ ደግሜ ደወልኩ፤ አልገባ አለኝ።