ሩባብ ያልዞረችላት እናት

በካራቺው የእርዳታ ቤታችን በር ላይ፣ ማሳደግ ያቃታት እናት ልጇን የምትተውበት የሕፃን አልጋ አለ። እናቲቱ ደወሉን ስትነካ ሞግዚቷ ሩባብ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የእናትን ፊት ማየት በእኛ ቤት ነውር ነው።

ለአዲሱ የኮምፒውተር መዝገብ ዕቅድ ስንሰበሰብ፣ ባለሙያው ሻህመር «አልጋው ላይ ካሜራ ይገጠም፤ የእናቶቹ ፊት ይመዝገብ» ብሎ ድርቅ አለ።

«አብደሃል እንዴ? ካሜራ ካዩ ሕፃናቱን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ነው የሚጥሏቸው!» አለች ሩባብ።

«እኔንስ ከዚያው አልጋ አይደል ያነሳሽኝ፣ አክስቴ? የእናቴን መልክ ሳላውቅ ልሙት?» አለ ሻህመር።

ሩባብ ወደ እሱ ዞረች።

«አላየኋትም፣ ልጄ» አለች ድምፅዋ ሰልሎ። «ኮቴዋን ግን ሰማሁ። ሄደች፣ ተመለሰች፤ ደግሞ ሄደች፣ ደግሞ ተመለሰች። ‹ነይ ግቢ› እንድላት ይሆን? እኔ ግን ግድግዳው ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ትመላለስብኛለች።»