አምለሰት ያጠበቀችው የፈረስ ጭራ

የማንኩሳዋ አምለሰት ቂም መያዝ ትችልበታለች። የጎረቤት በሬ የበርበሬ ችግኟን ከበላ ሰባት ዓመት ሆኖታል። በሬው ታርዶ ተበልቷል፤ ቂሙ ግን አለ።

ባሏ ደጀኔ ቁርጭምጭሚቱ ላይ እብጠት ሲያወጣም ያው አመሏ ተነሳ። እብጠቱን እንደ ሰው ጠላችው። ደጀኔ "የባቄላ ፍሬ ታክላለች፣ ተያት" እያለ ነገሩን ሲያቃልል፣ ጎትታ ፈረስ ቤት ከተማ ወሰደችው፣ አለበል ዘንድ። አለበል ኪንታሮት በፈረስ ጭራ አስሮ በማውደቅ የታወቀ ነው፤ ደም ሲቋረጥበት ደርቆ ይወድቃል። የደጀኔን ግን አገላብጦ አየና ፊቱ ተለወጠ።

"ይኼ ኪንታሮት አይመስለኝም" አለ።

"እዚህ ድረስ መጥተን ባዶ እጃችንን ልንመለስ ነው?" ብላ አፋጠጠችው።

ሳይወድ አንድ ዙር አሰረለት። "በስምንት ቀን ካልወደቀ ፈትተሽ ሐኪም ቤት ውሰጅው። እንዳታጠብቂው!" ብሎም አስጠነቀቃት።

በስምንተኛው ቀን አልወደቀም። ጫፉ ግን ጠቁሮ ደርቆ ነበርና አምለሰት ልቧ ቅቤ ጠጣ። "አገኘሁህ!" አለችው እብጠቱን። ጭራ አምጥታ ሁለተኛ ዙር ጨመረች። ከዚያ ወዲያ በየሮቡ ታጠብቃለች። ደጀኔ ጥርሱን ነክሶ "ኧረ ተይኝ፣ አመመኝ" ሲላት፣ "የሚያመው እሱ ነው፤ ይመመው!" ትለዋለች።

በሦስተኛው ወር ከጭራው በታች ያለው ሥጋ ቀልቶ ተነፋ፤ ሲነኩት ይደማል። እሷም ይበልጥ አጠበቀች። በአምስተኛው ወር ደጀኔ መቆም ሲያቅተው፣ ታላቅ ወንድሙ ገነነ በባጃጅ ጭኖ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት አደረሳቸው።

ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ሲመጣ ዶክተር መስከረም ሦስቱንም አስቀምጣ ነገረቻቸው። ካንሰር ነው። ባሕር ዳር ሄዶ እግሩ ከጉልበት በታች ይቆረጣል።

"ደም ከልክለነው አልነበር?" አለች አምለሰት።

"መሃሉ ያለው ሞቷል" አለች ዶክተሯ። "ዳር ዳሩን የተረፈው ኦክስጅን ሲያጥረውና ሲጨነቅ ግን ዝም ብሎ አይሞትም። በአካባቢው ላሉት ደም ሥሮች መልእክት ይልካል። እነሱም ቅርንጫፍ እያወጡ ወደ እሱ ያድጋሉ። በዚያ ይመገባል፣ በዚያው መንገድ ይሠራጫል።"

አምለሰት ነገሩ ገባት። መስኖ ሲዘጋበት ቦይ ሰብሮ ውሃ ወደ ማሳው የሚያዞር ሰው ታውቃለች።

"ማንም ባያስረውም፣ ዕጢ ሲያድግ መሃሉ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ያንኑ ማድረጉ አይቀርም" ብላ ዶክተሯ ቀጠለች። "ማሰሩ ግን አቆስሎታል። አምስት ወርም ወስዶብናል። አቶ ደጀኔ፣ እየደጋገመ ያጠበቀው ማን ነው?"

አምለሰት አፏን ሳትከፍት ደጀኔ ቀደማት።

"አለበል ነው፣ የፈረስ ቤቱ። በየሳምንቱ ይመጣ ነበር።"

ውሸቱ አምለሰትን ጣማት። እግሩ ተቆርጦ ከባሕር ዳር እስኪመለሱ ድረስ አለበልን ስትረግም ከረመች። ለጠየቃት ሁሉ "አለበል ነው ጉድ የሠራኝ" ትላለች፤ ስትደጋግመው እውነት እየመሰላት ሄደ። የሚረገም ሰው ባይኖር እንዴት ብላ ታድር ነበር?

ከተመለሱ በሁለተኛው ሳምንት ገነነ ዱላውን ይዞ መጣ።

"ፈረስ ቤት መሄዴ ነው። ያንን ያጠበቀውን እጅ ሰብሬ እመጣለሁ።"

ደጀኔ አልጋው ላይ ሆኖ ግድግዳውን ያያል። አምለሰት "ይቅናዎት" ልትል ነበር። ጭራው የሰረሰረው የጣቷ ምልክት ገና አልጠፋም፤ አውራ ጣቷን ደበቀች።

"አያ ገነነ፣ አይሂዱ። ያጠበቅሁት እኔ ነኝ።"

"ምን አልሽ?"

"አለበል ያሰረው አንድ ቀን ብቻ ነው። እንዳታጠብቂው ብሎኝ ነበር። በየሮቡ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ።"

ገነነ ወደ ወንድሙ ዞረ። "ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?"

"እሷ የጠላችውን አትምርም" አለ ደጀኔ ከግድግዳው ሳይዞር። "ራሷን እንዳትጠላ ብዬ ነው።"

ገነነ ዱላውን መሬት ላይ ጥሎ ወጣ። አምለሰት ቢመታት በወደደች ነበር።