የእህቴ ልጅ የተገደለችበት ፊልም

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ይላታል፤ እኔም ታናሿ ነኝና እንደዚያው እላታለሁ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሱሪውን ብቻ ይዞ አይመለስም፤ ስለ ቦርጩም ስለ ትዳሩም ተመክሮ ነው የሚወጣው። ብቻዋን ያሳደገቻት አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ ፀጉር ቤት የምትሠራ፣ እሷም ምላሷ የማያርፍ። ሁለቱ ሲነታረኩ እስከ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ሲታረቁ ደግሞ ጫጫታው ይብስ ነበር።

ፊት ለፊታችን የሚኖረው የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ አንድ ቀን «ፊልም እሠራለሁ» ብሎ ተነሳ። ፊልሙ ከተማ ስለሚያሸብር፣ ሴት እየመረጠ ስለሚያርድ ነፍሰ ገዳይ ነው። ገንዘብ የሚባል ነገር ስላልነበረው ሰፈሩን በሙሉ አሰማራው። ነፍሰ ገዳዩ ፀጉር አስተካካያችን ሆነ፤ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ማየት የማይችል ሰው! ደሙ የቀይ ስር ጭማቂ ነበር። አንዷ ተዋናይ ዊግ ቀይራ ሁለት ጊዜ ሞተች። የገዳዩን ጥቁር ካፖርት ከአሮጌ መጋረጃ የሰፋችው እትዬ ናት፤ የመጀመሪያዋ ሟች ደግሞ ልጇ። «ልጄን የሚገድላት ሰው ቢያንስ ደህና ልብስ ይልበስ» እያለች ታስቀን ነበር። አሁን ሳስበው ያመኛል።

ቀረጻው እንዳለቀ ልጅቷ ታመመች። ትኩሳት ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ኩላሊት ነው ተባለ፤ ወር ሳይሞላ አረፈች። በሐኪም ቤቱ ትርምስ ስልኳም ጠፋ፤ ሳቋም ወሬዋም፣ የቀዳችው ሁሉ አብሮት ሄደ። እህቴ ፎቶዋን ታቅፋ፣ «መልኳስ አለኝ። ድምጿ ነው እየጠፋብኝ ያለው። ‹ቻው እማ› የምትልበት እንዴት ነበር?» አለችኝ። እኔ ምላሰኛዋ ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሳሁ።

ስለዚህ ፊልሙ ሊታይ ነው ሲባል ከሁሉ ቀድማ የለበሰችው እሷ ናት።

«ሲገድላት ማየት ትችያለሽ?» አልኳት።

«ከዚያ በፊት ወጥቼ እሄዳለሁ። ስታወራ ልስማት እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ልጃችን ፀጉር ቤቱን እየጠረገች ብቅ ስትል እህቴ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ልጅቷ ስልክ አንስታ ማውራት ጀመረች። ድምፁ ቀጭን ነበር፣ ሙልቅቅ ያለ። የእሷ አልነበረም።

«ይሄ የማን ነው?» አለች እህቴ።

ከኋላችን የተቀመጠው ቀራጭ ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጎረቤት ጄኔሬተር ድምፁን ሁሉ አበላሸብን፣ በሌላ ልጅ ድምፅ እንደገና ነው የተቀዳው። ያኔ እሷ…»

«እስከ ዛሬ አፍ አልነበረህም?» ብዬ ዞርኩበት። ልጨምርለት ስል እያለቀሰ መሆኑን አየሁና ተውኩት።

እህቴ ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። ቀራጩ እጅጌዋን ያዘ። «አንድ ቦታ አለ፣ እትዬ። ሲገድላት። ያኔ ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ነበር። እንደሷ የምትጮህ ሰው ስላጣን የራሷን ተውነው።»

እህቴ ተመልሳ ተቀመጠች። የልጇን ድምፅ ለመስማት የልጇን መታረድ ማየት ነበረባት። እንውጣ ልላት ፈልጌ ነበር፣ ግን በምን አፌ?

ያ ካፖርት በፀጉር ቤቱ በር ገባ። ከዚህም ከዚያም ፉጨት ተሰማ። ፀጉር አስተካካዩ ቢላውን አነሳ፤ ልጃችን እስከ መስታወቱ አፈግፍጋ አፏን ከፈተች።

«እማዬ!»

ራሷ ናት። ያ ጎርነን ያለ፣ ከበር ላይ ሆና እናቷን ስትጣራበት የኖረችው ድምፅ።

«ወዬ!» አለች እህቴ ብድግ ብላ። «ወዬ፣ ልጄ!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ቀሚሷን ይዤ ጎተትኩ፤ አልተቀመጠችም። ገዳዩ ቢላውን ጠርጎ ወደ ሌላ መንገድ ሄዷል፣ ሰዉም ወደ ፊልሙ ተመልሷል። እህቴ ግን ደግማ እንድትጠራት ቆማ ትጠብቃለች።